ከጌታ ማዕድ በፊት ያለችው ቅዳሜ

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» (1ኛ ቆሮ. 11፥28) የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን በቃላችን እንወጣዋለን። ግን ሰው ራሱን የሚፈትነው በምን መለኪያ ነው? ቅዱሱን መጽሐፍ ማንበብ የማይችል፣ የሰማውም ስብከት ደጁ ሳይደርስ ከልቡ የሚጠፋበት ምእመን ራሱን ከምን ጋር ያስተያየዋል? በዌልስ አገር የነበረው ግሪፊዝ ጆንስ ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሪፊዝ ጆንስ በደቡብ ምዕራብ ዌልስ፣ በካርማርተንሻየር፣ በ1684 ግድም ተወለደ። በልጅነቱ በግ ጠባቂ ነበር። በ1708 ዲቁና፣ በ1709 ቅስና ተቀበለ፤ ከ1716 ጀምሮ ላንዳውሮር የምትባል ትንሽ የገጠር አጥቢያ አገልጋይ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ አስም ያስቸግረው ነበር፤ ስብከቱ ግን ሕዝብን ከሩቅ ይጠራ ነበር። ብዙ ጊዜ ስለ እርሱ ሲነገር የሚወሳው ይኸው ስብከቱ ነው። እኔ ግን ትልቁን ትምህርት የማገኘው ከስብከቱ መድረክ ሳይሆን ከቅዳሜው ጉባኤ ነው።

የጌታ እራት ከሚቀርብበት እሑድ በፊት ባለችው ቅዳሜ ምእመናኑን ይሰበስባል። ለድሆች በቤተ ክርስቲያኑ ምጽዋት የተገዛ ዳቦ ይታደላል፤ ዳቦውን ሊቀበሉ የመጡትን ጥቂት ቀላል የእምነት ጥያቄዎች ይጠይቃቸዋል። ማንንም ለማሳፈር አልነበረም፤ ስብከቱ የት እንደሚወድቅ ለማየት ነበር። ያየውም አስደነገጠው። ለዓመታት የሰሙ ሰዎች የመጀመሪያውን የእምነት ትምህርት እንኳ መመለስ አልቻሉም። ምክንያቱን ሲፈልግ ስንፍና ሆኖ አላገኘውም፤ ማንበብ ስለማይችሉ የሰሙትን ቤታቸው ገብተው የሚያጸኑበት ነገር አልነበራቸውም። ስለዚህ በ1731 ግድም ያንኑ የምጽዋት ገንዘብ ይዞ የመጀመሪያውን የንባብ ትምህርት ቤት ከፈተ። ንባቡ ከጌታ ማዕድ ተወለደ ማለት ነው፤ መነሻው የሥልጣኔ ፕሮግራም አልነበረም።

ከእርሱ በፊት ትምህርት ቤት ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። የክርስትና ዕውቀት አስፋፊው ማኅበር በዌልስ ብዙ የበጎ አድራጎት ትምህርት ቤቶችን ከፍቶ ነበር፤ ጆንስ ራሱም የማኅበሩ ተባባሪ ነበር። አብዛኞቹ ግን በእንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር፤ የገጠሩ ሕዝብ ደግሞ የሚያውቀው ዌልሽ ብቻ ነው። ልጁ ፊደሉን ለይቶ ድምፁን ቢያወጣም የሚያነበው አይገባውም። ላዩ ላይ ደግሞ የድሃ ልጅ ለእርሻ፣ ለከብት ጥበቃና ለመኸር ይፈለጋል፤ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ ተቀምጦ የሚያስተምር ቤት ለእርሱ አይሆንም።

ጆንስ ያደረገውን በዝርዝር ማየት ይገባናል፤ መንፈሳዊነቱ ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነውና። ትምህርቱ የሚሰጠው የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወራት፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። መምህሩ ወደ አንድ አጥቢያ ሄዶ ሦስት ወር ያህል ያስተምራል፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደሌላ ይሄዳል፤ ካስፈለገ ቆይቶ ይመለሳል። «ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤት» የተባለው ለዚህ ነው። ቦታው የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ጎተራ ወይም የገበሬ ቤት ነው፤ ለሕንፃ የሚወጣ ገንዘብ የለም። ቀን ቀን ልጆች ይማራሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ቀኑን በሥራ የዋሉ አገልጋዮችና አባወራዎች ይመጣሉ። በብዙ ቦታ አዋቂዎቹ ከልጆቹ ይበዙ ነበር። ከእነርሱም መካከል ይህን ዕድል ከ40 ዓመት በፊት ባገኘነው ኖሮ እያሉ የሚያለቅሱ ሽማግሌዎች ነበሩ።

የሚማሩት ማንበብ፣ የእምነት ትምህርት በጥያቄና መልስ፣ ጸሎትና መዝሙር ብቻ ነው። ጽሕፈትና ሒሳብ ሆነ ተብሎ ተትቷል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩበት አሉ፤ ሦስት ወር ላለው መምህር ግን የሚተወውን ማወቅ ግማሹ ሥራ ነው። ዌልሽ እንደሚጻፈው የሚነበብ ቋንቋ ስለሆነ፣ ቋንቋውን በአፉ የሚያውቅ ሰው በስድስት ወይም በሰባት ሳምንት ማንበብ የሚጀምርበት ጊዜ ነበር። እንግሊዝኛ ይሁን ለሚሉት የጆንስ መልስ አጭርና ከባድ ነበር፤ ሁሉም እንግሊዝኛ እስኪያውቅ ብንጠብቅ እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሰው ሳያውቅ ይሞታል? በዕዝራ ዘመን ሌዋውያን ሕጉን ካነበቡ በኋላ ሕዝቡ እንዲያስተውል የደከሙትን ድካም (ነህ. 8፥8) እርሱ በጎተራ ውስጥ ደከመው።

መምህራኑን ላንዳውሮር ላይ ራሱ ያሠለጥናቸው ነበር። ደመወዛቸው በዓመት ከ3 እስከ 4 ፓውንድ ብቻ ስለነበር ጥሪ የሌለው አይቆይበትም። በ1737 ትምህርት ቤቶቹ 37፣ ተማሪዎቹ 2,400 ያህል ነበሩ። በየዓመቱ ሪፖርት ያሳትማል፤ በሪፖርቱም ውስጥ የየአጥቢያው አገልጋዮች የላኩት የምስክርነት ደብዳቤ ይወጣል። ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ገንዘባቸው ምን እንዳፈራ በቁጥርና በስም በተጠራ ቦታ ያዩ ነበር። በ1761 ሲሞት የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ከ3,300፣ የቀን ተማሪዎቹም ከ150,000 በላይ ነበሩ፤ የዌልስ ሕዝብ ያን ጊዜ ከግማሽ ሚሊዮን አይበልጥም። ማንበብ የሚችል ሰው ሲበዛ የሚነበብ መጽሐፍ ያስፈልጋልና፣ የክርስትና ዕውቀት አስፋፊው ማኅበር በ1746 እና በ1752 በእያንዳንዱ ጊዜ 15,000 የዌልሽ መጽሐፍ ቅዱስ አሳትሟል። የዌልስ መነቃቃት ታላቅ ሰባኪ የሆነው ዳንኤል ሮውላንድም በ1735 ግድም የተለወጠው በጆንስ ስብከት ነው።

ነቀፋም አልቀረለትም። የጎረቤት አጥቢያ ቄስ የነበረው ጆን ኢቫንስ በ1752 የሚከስሰው ጽሑፍ አሳተመ፤ ጆንስ ግን የአጥቢያው አገልጋይ ካልጠራው መምህር ላለመላክ ይጠነቀቅ ነበር። ሥራውን የጎዳው ግን ከነቀፋው ይልቅ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ዋና ደጋፊው የላርን ከተማዋ ባለጸጋ ወይዘሮ ብሪጅት ቤቫን እርሱ ከሞተ በኋላ ትምህርት ቤቶቹን 18 ዓመት በትጋት መርታለች። በ1779 ስትሞት ወደ 10,000 ፓውንድ ለትምህርት ቤቶቹ ተናዘዘች፤ ኑዛዜው ላይ ክርክር ተነሥቶ ገንዘቡ ከ20 ዓመት በላይ በፍርድ ቤት ታሰረ፣ መምህራኑም ተበተኑ። ሁሉን ነገር በአንድ ሰው እጅና በአንድ ወረቀት ላይ ያንጠለጠለ አገልግሎት የሚያገኘው ይህን ነው። ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ ይህ የሆነው ቅን ሰዎች በቅንነት በሠሩት ሥራ ላይ ነው።

እሳቱን እንደገና የለኮሰው ቶማስ ቻርልስ ነው። እርሱም የካርማርተንሻየር ልጅ ነው፤ በ1783 ባላ ከተባለችው የሰሜን ዌልስ ከተማ ሳሊ ጆንስን አግብቶ እዚያው ኖረ። ቤተሰቡ የሚተዳደረው ሳሊ በምትይዘው ሱቅ ገቢ ነበር፤ ቻርልስ በነፃነት ማገልገል የቻለው በእርሷ ድካም ነውና ስሟ ከስሙ ተለይቶ መጠራት የለበትም። ከ1785 ጀምሮ ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤቶችን መለሰ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቶችንም ጨመረባቸው፤ በዌልስ ሰንበት ትምህርት ቤት አያትም ከልጅ ልጁ ጋር የሚማርበት ሆነ።

በ1799 የታተመው 10,000 የዌልሽ መጽሐፍ ቅዱስ ወዲያው አለቀ። በ1800 ሜሪ ጆንስ የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ስድስት ዓመት ያጠራቀመችውን ሳንቲም ይዛ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ ሄዳ ባላ ላይ ከቻርልስ መጽሐፍ ቅዱስ ገዛች። ቻርልስ የዌልስን የመጽሐፍ ቅዱስ ረሃብ በ1802 ለንደን ላይ ለተሰበሰቡ አገልጋዮች ሲያስረዳ፣ ባፕቲስቱ ጆሴፍ ሂውዝ ለዌልስ ከሆነ ለምን ለዓለም ሁሉ አይሆንም አለ። በመጋቢት 1804 የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተመሠረተ።

ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡ ሩሚ ካይሮ ውስጥ ወደ አማርኛ የተረጎመውን የ9,539 ገጽ የእጅ ጽሑፍ በ1820 በ1,250 ፓውንድ የገዛው ይኸው ማኅበር ነው። ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። አቡ ሩሚ ግን በ1819 በወረርሽኝ ሞቶ ስለነበር ሕትመቱን አላየም። ትርጉሙን ከእርሱ ጋር የሠራው የፈረንሳይ ቆንስል እንደተናገረው፣ አሥር ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ እያለ ያነብ ነበር።