ጀንፈል በጅማ፦ እሸት ቡናን በእርጥብ አየር ማድረቅ

ጀንፈል ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ነው። ጅማና ዙሪያዋ ቡናቸውን በብዛት የሚያደርቁት በዚህ መንገድ ነው። እሸቱ ይለቀማል፣ ሳይፈለፈልና ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ይከተታል። ሲወራ ቀላል ነው። ጅማ ላይ ግን ፀሐይ እንደልብ አይገኝም።

ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ዋናው ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ ወጣ ቢባልም ጥቅምት ላይ ድንገት ይዘንባል። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ሌሊቱን ጤዛ ነው። በዚያ ሰሞን ደመና ሲያንዣብብ የቤቱ ሰው በሙሉ የያዘውን ጥሎ ወደ ስጡ ይሮጣል።

ቡና በአባ ጅፋር ዘመንም በጅማው ሂርማታ ገበያ ይሸጥ ነበር። የቡና መገኛ በጅማ ዞን ያለችው የጎማዋ ጮጬ ናት የሚሉ አሉ። ካፋ ነው የሚሉም አሉ።

ስለ ጅማ ቡና በሥርዓት የተጠናው ነገር በአብዛኛው የመልኮ ውጤት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የተቋቋመው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1963 ዓ.ም. ገደማ፣ የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ገባ። በሽታው እሸቱን እዛፉ ላይ እንዳለ ያጠቁረዋል። ማዕከሉ በየጫካው እየዞረ የማይታመሙ ዛፎችን ለቀመ፣ ፈተነ፣ ዘራቸውን ለገበሬው አደረሰ። ዛሬ 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ድካም ፍሬ ናቸው። መነሻው ላይ ያለው 74 የተሰበሰቡበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ 1974። ይህ ሥራ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። ዛፉ በዚህ ዳነ። የቀረው ቡናው ከዛፍ ከወረደ በኋላ ያለው ጣጣ ነው።

እሸት ቡና ሲለቀም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። በደንብ የደረቀ ፍሬ ደግሞ ከ11 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ብቻ ይቀረዋል። ባለሙያዎች የሚመክሩት አልጋ ነው። አልጋ የሚባለው ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሽቦ ወንፊት ወይም በቀርከሃ የሚሠራ ማስጫ ነው፤ አየር ከላይም ከታችም ያገኛል። ቡናው ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ስስ ተደርጎ ይሰጣል። ቀን በየጊዜው ይገላበጣል፣ ማታ ይሸፈናል። ጠዋት ደግሞ ጤዛው እስኪነሳ መጠበቅ ግድ ነው። እንደ አየሩ ሁኔታ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። አረንጓዴውና ቀዩ ተቀላቅሎ ከተለቀመ ግን እኩል አይደርቅም፤ ለዚህ ለቀማው ቀይ በቀይ መሆን አለበት።

በብዙ ጓሮ ግን ቡናው ዛሬም መሬት ላይ ይሰጣል። ቡናው የመሬቱን እርጥበት ከታች ይስባል። ክምሩ ከወፈረ መሃሉ ይሞቃል፣ ይሻግታል። የተወሰኑ ሻጋታዎች ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ፤ ቡናው ሲቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የጅማ ቡና «አፈር አፈር ይላል» የሚለው ስም የመጣውም ከዚህ ነው። አንዳንዶች ጣዕሙ የአገሩ ጠባይ ነው ይላሉ። አይደለም። ከዚያው ጓሮ የተለቀመ ቀይ እሸት አልጋ ላይ ሲደርቅ ጣፋጭና ንጹሕ ይወጣል።

እናቶች መለኪያ መሣሪያ የላቸውም። አንድ እፍኝ ጀንፈል ያነሡና ጆሯቸው ሥር ይነቀንቁታል። ፍሬው ውስጡ ኮሽ ኮሽ ካለ ደርሷል። ዝም ካለ አልደረሰም፣ ተመልሶ ይሰጣል። ሌላው መንገድ ፈልፍሎ መንከስ ነው፤ ጥርስ የሚሰምጥበት ፍሬ ገና ነው።

ደረቀ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፤ ደረቅ ቡና ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይጠጣል። ስለዚህ ከነገለፈቱ ማቆየቱ ይሻላል፤ ገለፈቱ ፍሬውን ይጠብቀዋል። በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከታፈነ ያልበዋል፣ ጆንያ ግን ያስተነፍሰዋል። ጆንያው ከግድግዳ ራቅ ብሎ የእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል። ብዙ ቤት ጀንፈሉን የሚያወጣው ገንዘብ ሲያስፈልግ ነው። ያኔ ወደ መፈልፈያው ይወሰዳል፣ 2 ኪሎ ጀንፈል 1 ኪሎ ገደማ ፍሬ ይሰጣል።