የውሃ ፓምፕ ማንጠብጠቢያ ቀዳዳ ምንድን ነው?

የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ላይ አዲስ የመኪና ውሃ ፓምፕ (የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ የሚያዞረውን) ከካርቶኑ አውጥቶ፣ አገላብጦ ካየ በኋላ «ይሄማ ከስር ቀዳዳ አለው፤ ፎርጅድ ነው፣ ኦሪጅናሉ ድፍን ነው» ብሎ የሚመልስ ገዢ አይጠፋም። ይህ ብቻ ቢሆን ችላ ማለት ይቻል ነበር። የሚያበሳጨው ከዚህ ተከትሎ የሚሰጠው ምክር ነው፦ «በቀዳዳው ካፈሰሰ በብረት ማጣበቂያ ድፈነው፣ ይቆማል።» አዎ፣ ይቆማል። የቆመው ግን ማፍሰሱ ሳይሆን መታየቱ ነው።

ቀዳዳው የፋብሪካ ስህተት አይደለም፤ ታስቦ የተበሳ ነው። የሚገኘውም በውሃው ሲል (ውሃው በሻፍቱ በኩል እንዳያመልጥ በሚያግደው ማሸጊያ) እና በኩሽኔታው (ሻፍቱ በሚዞርበት ቤሪንግ) መካከል ባለው ባዶ ክፍተት ስር ነው። ሲሉ ሁለት ልሙጥ ገጾች ናቸው፦ አንዱ ካርቦን፣ ሌላው ሴራሚክ ወይም ሲሊከን ካርባይድ። ሞላ አንዱን ባንዱ ላይ ይጫነዋል። አንደኛው ከሻፍቱ ጋር ሲዞር ሌላው እንደቆመ ይቀራል። ገጾቹ ተፋትገው እንዳይቃጠሉ በመካከላቸው እጅግ ስስ የሆነ የኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሽፋን ይኖራል። ከዚያ ሽፋን ጥቂት ተንኖ ወደ ክፍተቱ ያልፋል። ማንጠብጠቢያው ይህን ያወጣል፤ ሲሉ ሲያረጅ ደግሞ ውሃው ኩሽኔታው ላይ ሳይደርስ ወደ ውጭ ይጥለዋል።

ጣሪያው ላይ ሮቶ ያለው ሰው ነገሩ አይከብደውም። በሮቶው አናት አጠገብ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቧንቧ አለ። ተንሳፋፊው ኳስ ተበላሽቶ ውሃው አልቆም ሲል በዚያ ቧንቧ ግቢ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ጎረቤትም «ሮቶህ እየፈሰሰ ነው» ብሎ ይጮኻል። አሁን ኳሱን ትቶ ቧንቧውን በጨርቅ የወተፈ ሰው አስቡ። ግቢው ደረቅ ይሆናል፣ ጎረቤትም ዝም ይላል፤ ውሃው ግን በክዳኑ ገንፍሎ ኮርኒሱን ያበሰብሳል። ኮርኒሱ ኩሽኔታው ነው። ከኮርኒሱ አልፎ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ምንጣፉ የሞተር ዘይቱ ነው፤ ወደዚህ እንመለስበታለን። ንጽጽሩ የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የሮቶው ቧንቧ ጤነኛ ከሆነ ጠብ አይልም፣ የፓምፑ ቀዳዳ ግን ጤነኛም ሆኖ ትንሽ ያልበዋል።

በቺንጋ የሚዞር ፓምፕ ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባል፣ ግሪሱን ያጥባል፣ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ሻፍቱ ይወዛወዛል። ቬንቲላተሩ በዚያው ሻፍት ላይ በታሰረበት መኪና መጨረሻው ራዲያተሩን የሚበሳ ክንፍ ሊሆን ይችላል። በጥርስ የሚዞረው ፓምፕ ይብሳል። እዚያ ቀዳዳው ያለው በሁለት ሲሎች መካከል ነው፤ በአንድ በኩል ውሃ፣ በሌላ በኩል የሞተር ዘይት። ከቀዳዳው የሚወጣው ውሃ ከሆነ የውሃው ሲል፣ ዘይት ከሆነ ኦይልሲሉ ሄዷል ማለት ነው። መውጫውን የደፈነ ሰው ለኩላንቱ ወደ ካርተሩ (ወደ ዘይት ገንዳው) መንገድ ከፈተለት። ዘይቱ ወተት የመሰለ ዕለት የፓምፕ ወጪ ቀርቶ የሞተር ወጪ ነው የሚታሰበው።

«ፋብሪካው ራሱ የደፈነው አይቻለሁ» የሚል ተከራካሪም አለ። ያየው ስፖንጅ ነው። አንዳንድ ሞተሮች ላይ አቧራ እንዳይገባ ቀዳዳው ውስጥ ስፖንጅ ይቀመጣል፤ ውሃ ያሳልፋል። ማጣበቂያ አያሳልፍም።

ምን ያህል ነው ጤነኛ? ከቀዳዳው በታች የደረቀ ባለቀለም እድፍ ብቻ ካለ ፓምፑን አትንኩት። አዲስ ፓምፕ ገጾቹ እስኪላመዱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥቂት ጠብታ ቢጥልና ቢያቆም ችግር የለውም። ሞተሩ እየሠራ ያለማቋረጥ ጠብ የሚል ወይም መኪናው ባደረ ቁጥር መሬቱን የሚያረጥብ ከሆነ ሲሉ አልቋል።

እንግዲህ አንድ ሰው ፓምፕ ደጋግሞ ቀይሮ «ሦስተኛውም በወሩ አፈሰሰ» ሲል ጥያቄው «ዕቃው ፎርጅድ ነው ወይ?» ከመሆኑ በፊት «ከቀዳዳው ነው ወይ?» መሆን አለበት። ከላይ የሚመጣ ውሃ ፓምፑን ታክኮ ወርዶ ልክ ቀዳዳው ስር ይንጠባጠባል። የቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ቤት፣ የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ ወይም ጫፉ ወደ ውሃ መስመር ዘልቆ የሚገባ ቡሎን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቡሎን ጥርሱ ላይ የማሸጊያ ቅባት ካልተቀባ በጥርሱ እየተሽሎከለከ ያፈስሳል። ሞተሩ ሲበርድ አካባቢውን አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ በራዲያተሩ አፍ የግፊት መሞከሪያ ገጥሞ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ብቻ መንፋት ነው፤ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 ባር። 15 ደቂቃ ጠብቆ ደረቅ ሶፍት ከላይ ወደታች እያስነኩ መፈለግ። በብርድ ብቻ የሚያፈስ ፋሼታ ስላለ ጠዋት መሞከሩ ይሻላል። ሞቃት ሞተር ላይ ክዳን አይከፈትም።

በእርግጥ ከቀዳዳው ከሆነ፣ አዲስ ሲል በወር የሚሞትበት ዋናው ምክንያት ደረቅ መነሳት ነው። «እስኪ ድምፁን እንስማ» ተብሎ ውሃ ሳይሞላ የተነሳ ሞተር ሲሉን በሰከንዶች ያቃጥለዋል፤ በጋለው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ውሃ ተሞልቶም አየር ፓምፑ ጋ ከታሰረ ያው ነው። ስለዚህ የካቢን ማሞቂያውን ቫልቭ ከፍቶ፣ የአየር ማስወጫ ቡሎን ካለ አላልቶ፣ ቀስ ብሎ መሙላት። ቺንጋው ከመታሰሩ በፊት ፑሊውን በእጅ 10 ዙር ያህል ማዞር ገጾቹን ያረጥባል። የገባውንም በሊትር ቁጠሩ፤ ማኑዋሉ 14 ሊትር ብሎ 9 ብቻ ከገባ 5 ሊትሩ አየር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሲሊኮን (የማሸጊያ ሙጫ) ነው። ጓርኒሲዮኑ (በፓምፑና በሞተሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) በደንብ በተፋቀና በደረቀ ገጽ ላይ ከተቀመጠ ሲሊኮን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ኦሪንግ ያለው ፓምፕ ላይማ ጨርሶ አይቀባም። ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርሶ ሲሉ መካከል ይገባል ወይም ራዲያተሩን ይዘጋል። ኦሪንጉን ለማለስለስ ኩላንት ይበቃል፤ ለኩላንት የሚሠራው ጎማ ብዙ ጊዜ ኢፒዲኤም ስለሆነ ዘይትና ግሪስ ያሳብጠዋል። ቡሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቁ በሁለት ዙር ማጥበቅ። በ12 ወይም በ13 ቁልፍ የሚፈታ ቡሎን አሉሚኒየም ላይ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ያህል ነው የሚፈልገው፤ በቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ የሚንጠለጠሉበት አይደለም።

ቺንጋውን ከልክ በላይ መወጠርም ኩሽኔታውን ጎትቶ ሲሉን ያስከፍታል። ለተራ ቺንጋ መሀሉ ላይ በ10 ኪሎ ያህል ሲጫኑት ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር መርገብ የተለመደ ነው፤ የመኪናው ማኑዋል ሌላ ካለ ማኑዋሉ ይበልጣል።

ኩላንትን በቀለሙ መምረጥ ሌላው ጣጣ ነው። አረንጓዴ ወይም ቀይ መሆኑ ዝገት መከላከያ መኖሩን አይነግርም። በቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሄድ ሞተር ይዝጋል፣ ዝገቱም ሲሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጨዋል። አዲስ ፓምፕ ከመግጠም በፊት የቀድሞው ውሃ ጠርቶ እስኪወጣ ማጠብ፣ ከዚያ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ። የፍሳሽ ማቆሚያ ዱቄት አይጨመር። (ካሚቻው፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር፣ ውሃ ውስጥ የሚቆም ዲዝል ላይ ደግሞ ኩላንቱ ለከባድ ሞተር የተሠራ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አረፋ ካሚቻውን ከውጭ ይበሳዋል።)

የራዲያተር ክዳን እዚህ ከተማ ከሌላው ቦታ የበለጠ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ብዙ የጭነት መኪና ቴርሞስታት በ82 ተከፍቶ በ95 ይጨርሳል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግፊት ካልያዘ ቴርሞስታቱ ሙሉ ሳይከፈት ውሃው ይፈላል፣ ፓምፑ በእንፋሎት ይዞራል፣ ሲሉም ይደርቃል። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ፓምፕ የቀየረ ሰው ክዳኑንም ያስሞክር።

የተገላቢጦሹም አለ፦ ግፊቱ ሲበዛ። ከብርድ በተነሳ በጥቂት ደቂቃ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካላቋረጠ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። በአየር ፍሬን በሚሠራ መኪና ግን ቴስታታ ከመውረዱ በፊት የአየር ኮምፕሬሰሩን እዩ። በኩላንት የሚቀዘቅዝ ከሆነ የራሱ ጓርኒሲዮን ሲነፋ አየሩን ወደ ውሃው ይገፋዋል። የአየር ታንኩ ሞልቶ ኮምፕሬሰሩ ሲያርፍ አረፋው ከቀነሰ ወይም ከቆመ ጥፋቱ እዚያ ነው፣ ፓምፑ ንጹሕ ነው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ አሁንም ከቀዳዳው ጠብ ካለ ፓምፑ ራሱ ጉድለት አለበት፤ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ሲመለስ ግን ቀዳዳው እንደተከፈተ፣ የፈሰሰበትም እድፍ ሳይጠረግ ይሁን። በማጣበቂያ የተደፈነ ፓምፕ ይዞ የሚሄድ ሰው ክርክሩን ሱቁ በር ላይ ይሸነፋል።