ስለ ድሬዳዋ መስመር ትንንሽ ባቡር ጣቢያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አፍደም፣ ቢኬ፣ ኤረር፣ አዲጋላ፦ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በተዘረጋው በአሮጌው መስመር ላይ ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ብዙ ይነገርባቸዋል፣ ግማሹ ግን ልክ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ጣቢያ የሚሠራው ከተማ ባለበት ነው»

እዚህ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቦታውን የሚወስኑት ውሃ፣ ዳገትና ርቀት ነበሩ። የእንፋሎት ባቡር ከማገዶው ቀድሞ የሚጨርሰው ውሃውን ስለሆነ፣ በረሃም ቢሆን በየተወሰነ ርቀት ውሃ መሙያ ያስፈልገዋል። ድሬዳዋን ተመልከቱ። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ሐረር ግን ከሜዳው ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዳገቱ ስለከበደ ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ቆመ፣ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» መባሏ ለዚህ ነው።

«ባቡሩን አዲስ አበባ ያስገቡት ምኒልክ ናቸው»

በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፣ ኩባንያው ሲከስር ግን ግንባታው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ተገታ። ምኒልክ በ1913 ሲያርፉ ሐዲዱ ገና መንገድ ላይ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1917፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። የለገሃሩ ሕንፃማ የ1929 ሥራ ነው። («ለገሃር» ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ጣቢያው ማለት ነው። «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንል ጣቢያውን ሁለት ጊዜ እየጠራነው ነው።)

«ተሳፋሪ በሌለበት ጣቢያ ባቡር የሚገተረው በሠራተኛ ስንፍና ነው»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ የትንሿን ጣቢያ ዋና ሥራ ይሰውራል። መስመሩ ነጠላ ሐዲድ ነው። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጎን ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው።

በነጠላ ሐዲድ ላይ በእጅ ሲሠራ አካሄዱ እንዲህ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ደውሎ መስመሩ ነጻ መሆኑን ይጠይቃል፣ መልሱን ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ለነጂውም ፈቃዱን በጽሑፍ ይሰጣል። በቃል ብቻ ባቡር አይለቀቅም። ቀድሞ የደረሰው ባቡር ጎን ሐዲድ ይዞ ይጠብቃል። ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ማቀያየሪያ ሲዞር ተንቀሳቃሹ ሐዲድ ከቋሚው ጋር ጥብቅ ብሎ መግጠሙ በዓይን ታይቶ ይቆለፋል። አንዲት ጠጠር በመሃል ገብታ ክፍተት ከቀረ፣ የጎማው ጠርዝ በክፍተቱ ይገባና ፉርጎው ከሐዲድ ይወጣል።

ተሻጋሪው ባቡር ሲያልፍ ደግሞ ኃላፊው ውጭ ቆሞ የሚያየው ጅራቱን ነው። የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ምልክት፣ ማታ ቀይ መብራት፣ መኖር አለበት። ከሌለ ፉርጎ ተበጥሶ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና «መስመሩ ነጻ ነው» አይባልም። አንደኛው ባቡር ሲዘገይ ሌላኛውም አብሮ ይዘገያል። ተሳፋሪው የሚያየው ይህንን መጠበቅ ብቻ ነው።

«የአዋሹ አደጋ ድልድይ ተሰብሮ ነው»

ድልድዩ አልተሰበረም። በ1985 ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባው ላይ ደርሶ ከሐዲድ ወጣ፣ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፣ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ኩርባ ላይ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

«አዲሱ ባቡር በድሮው ጣቢያ ያልፋል»

አያልፍም፣ ሊያልፍም አይችልም። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር፣ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ስም ቢጋሩም ጣቢያዎቹ የተለያዩ ናቸው። በአዲስ አበባ በኩል የሚሳፈሩት ከፉሪ ለቡ እንጂ ከለገሃር አይደለም። ድሬዳዋም የድሮው ጣቢያ መሃል ከተማ ሲሆን አዲሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ የጉዞ ሰዓት ሲያሰሉ ይህንን መንገድ ይጨምሩ። ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ ስላለ በማሳለፍ ምክንያት መቆም የለም። ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ ነውና ሚኤሶ ወይም አዲጋላ ላይ ባቡሩ ያለምክንያት የቆመ ከመሰለዎ፣ ከፊት የሚመጣ ሌላ ባቡር እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።