«ባላንስ የጠፋበት ባትሪ» ማለት ምንድን ነው?

ዛሬም አንዱ የኤሌክትሪክ ሳይክሉን እየገፋ መጣና «ባላንስ ነው የጠፋበት፣ ባላንስ አርገህልኝ ልሂድ» አለኝ፣ ልክ ጎማ ንፋስ ሙላልኝ እንደሚባለው። በዚህ ሳምንት አራተኛው ነው። ጅማ ውስጥ አሁን ሳይክል ዳገት ላይ ከጠፋ ባላንስ ነው፣ ቻርጅ ቶሎ ከሞላ ባላንስ ነው፣ ባትሪው ካረጀም ባላንስ ነው። ሰው ደግሞ በየሄደበት ይከፍላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ባላንስ ያስደርጋል፣ ከዛ ባትሪው ተመልሶ ያው ይሆናል። ይሄ ነገር ስለሚያናድደኝ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

እዚህ ብዙ የምናየው የ48 ቮልቱ ነው፣ ውስጡ 13 የሴል (የትንንሽ ባትሪዎች) ቡድን በተከታታይ የተያያዘ፣ እያንዳንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ ድምሩ 54.6። በየቡድኑ ውስጥ ሦስትም አራትም ሴል ጎን ለጎን ይበየዳል። ባላንስ አለ የሚባለው 13ቱም ቡድኖች እኩል ሲሞሉና እኩል ሲጎድሉ ነው። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ እዚህ ላይ አልቆይም።

የማይታወቀው ለምን እንደሚጠፋ ነው። ድሮ ሂርማታ ገበያ ይመጣ የነበረውን ሲራራ አስቡት፣ 13 በቅሎ በአንድ ገመድ ታስሮ እንበል። ሕጉ ሁለት ነው። ሲበሉ ሁሉም እኩል እፍኝ ነው የሚሰጣቸው፣ አንዷ ከጠገበች ግን ለሁሉም መስጠት ይቆማል። ሲሄዱ ሁሉም እኩል መንገድ ይሄዳሉ፣ አንዷ ካቃታት ሁሉም ይቆማል። ቁሙ የሚለው ጠባቂ ቢኤምኤስ ነው፣ ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ። አንዱ ቡድን 4.25 አካባቢ ሲደርስ ቻርጁን ይቆርጣል፣ አንዱ 2.8 አካባቢ ሲወርድ ሞተሩን ይቆርጣል፣ ሌሎቹ 12 ምንም ያህል ቢኖራቸው አይሰማም፣ ቻርጅ የሚያሳየው ጌጅ ግማሽ እያሳየ ሳይክሉ ድርግም የሚለውም ለዚህ ነው ምክንያቱም ጌጁ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው።

እሺ፣ አንዷ በቅሎ ወደኋላ ቀረች። ለምን? የራባት በቅሎ አለች፣ ሆዷ ከጓደኞቿ እኩል ነው ግን ከመጀመሪያው ሳትጠግብ ነው የተነሳችው። የታመመች በቅሎ ደግሞ አለች፣ ሆዷ የጠበበ፣ ትንሽ ስትበላ ትጠግባለች ትንሽ ስትሄድ ይርባታል። ሦስተኛዋ ትል ያለባት ናት፣ ማታ ጠግባ ታድራለች፣ በረት ውስጥ እንደቆመች ይርባታል። ባላንስ ማድረግ የሚጠቅመው ለመጀመሪያዋ ብቻ ነው። ሁለተኛዋን የፈለከውን ያህል ባላንስ አርጋት ሆዷ አይሰፋም። ሦስተኛዋ በሁለት ሳምንት ተመልሳ ትመጣለች።

እንዴት ይለያል ለሚለኝ፣ ሁለቴ በመለካት ነው፣ አንዴ ሞልቶ አንዴ ሊያልቅ ሲል። ሲሞላም ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ሲያልቅም ዝቅ ያለ ቡድን ከሆነ ራብ ነው። ሲሞላ ከፍ ያለ (ወይም በቅርቡ ባላንስ ተደርጎ ከሆነ እኩል) ሆኖ ሲያልቅ ግን ቀድሞ የሚወርድ ከሆነ ሕመም ነው፣ አቅም አጥቷል ማለት ነው። ሞልቶ ሁለት ሳምንት ሳይነዳ ተቀምጦ አንዱ ብቻ ከወረደ ትል ነው፣ ቆሞ እያለ ቻርጁ ይፈሳል ማለት ነው። ሙሉ ሆኖ 0.02 ቮልት ልዩነት አያስጨንቅም፣ 0.1 ካለፈ ምክንያቱን መፈለግ ነው። አንዴ ብቻ ለክቶ ባላንስ ጠፍቷል የሚል ሰው ምንም አልነገረህም።

አንድ ሰው ሲከራከረኝ «ባላንሰር (ቡድኖቹን እኩል የሚያደርግ ዕቃ) ገዝቼ ሰካሁበት፣ 13ቱም 4.16 አሳየኝ፣ ስለዚህ ተሠርቷል» አለ። አልተሠራም። ሞልቶ እኩል መሆን የመነሻ እንጂ የመንገዱ ማስረጃ አይደለም። ዳቦ የሚያደርስ አንድ ልጅ አለ፣ ወደ ጅሬን ዳገት ስወጣ ይጠፋብኛል ብሎ መጣ፣ እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቦታ ሁለቴ ባላንስ አስደርጓል፣ ሁለቴም ከፍሏል። ስለካው 13ቱም ከ4.15 እስከ 4.17፣ አይን የሚያስደስት። እሺ ብዬ ኤሌክትሪክ የሚበላ ጭነት ሰጥቼው እያየሁ ቆየሁ፣ ሌሎቹ 3.5 ላይ ሆነው 7ኛው ብቻ 2.9 ገባ። ከፈትነው። ባለፈው ክረምት ውሃ ገብቶ 7ኛው ቡድን ላይ አንዷን ሴል የሚያገናኘው ኒኬል አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል፣ በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተነሳ። አራት ሴል የነበረው ቡድን በሦስት ነበር የሚሠራው፣ 10 አምፒር ሰዓት የነበረው 7.5 ሆኗል ማለት ነው። በል አሁን የትኛው ባላንሰር ነው ኒኬል የሚበይደው?

ደግሞ ባላንስ ሲባል ለራባት በቅሎ መኖ መስጠት የሚመስላቸው አሉ። ከባትሪው ጋር የሚመጣው ተራ ቢኤምኤስ ማንንም አይመግብም፣ የጠገቡትን ትንሽ ትንሽ እያስራበ ነው የሚያስተካክለው፣ ከሞላው ቡድን ላይ ኤሌክትሪኩን በሬዚስተር ሙቀት አርጎ ይጥለዋል። ያውም በጣም በቀስታ፣ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊአምፒር ገደማ። አንዱ ቡድን 1 አምፒር ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ከሆነ 20 ሰዓት ይፈልጋል፣ እሱም ብዙዎቹ ርካሾቹ የሚሠሩት ባትሪው ጫፍ ደርሶ ቻርጀሩ እንደተሰካ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ማታ ትሰካዋለህ፣ ሌሊት መብራት ይሄዳል፣ ጠዋት 80 ምናምን ፐርሰንት ላይ ነቅለህ ትወጣለህ፣ ወሩን ሙሉ ጫፍ ሳይደርስ ባላንስ የሚያደርግበት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ በእውነት የራበው ባትሪ ብዙ ጊዜ ቴክኒሻን አይፈልግም፣ የቻርጀሩ አረንጓዴ ከበራ በኋላም ቅዳሜና እሁድ ቀን ቀን፣ ሰው ባለበት ተሰክቶ ይቆይ፣ ከዛ ይለካ። የመኝታ ክፍል ውስጥ ወይ በር ላይ አይሁን፣ እለምናችኋለሁ፣ መውጫችሁን እንዳይዘጋ።

ጠባቂው ራሱ ሌባ የሚሆንበትም አለ፣ ይሄን ማንም አያነሳውም። የአንዱ ቡድን ባላንስ መስመር ተበላሽቶ መጣሉን ሳያቆም ከቀረ ቢኤምኤሱ ያንን ቡድን ቀን ከሌት ያፈሰዋል፣ ሰው ሴሉን ይወቅሳል። ትል ያለበት የመሰለህን ባትሪ ነጯን የባላንስ ሶኬት ነቅለህ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀምጠው (ሶኬቷ ተነቅላ ግን ቻርጅ አይደረግም፣ አይነዳም)። ቡድኑ ካልወረደ ሴሉ ደህና ነው፣ ቢኤምኤሱን ቀይር። እቺ ሶኬት ላይ 14 ገመድ አለ፣ ስትለካ የመልቲሜትሩ ጫፍ ተንሸራቶ ሁለቱን አንድ ላይ ከነካ ገመዱ እጅህ ላይ ይቀልጣል፣ ጫፉን ቴፕ ጠቅልለህ ትንሽ ብቻ አስቀርለት።

ቢኤምኤሱን ዘለህ በቀጥታ ቻርጅ አርገው የሚል ምክር ከሰማችሁ እባካችሁ አትስሙ። ጠባቂው ያቆመው አንዷ በቅሎ ልትፈነዳ ስለሆነ ነው፣ እሱን አስወግደህ መመገብ ማለት ያቺኑ ከ4.2 በላይ መግፋት ነው፣ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የሰነበተ ሴልም በጉልበት አይነሳም፣ ውስጡ ያለው መዳብ ሟሙቶ ሴሉ ራሱን በራሱ ሾርት ሊያደርግ ይችላል፣ ተነሳልኝ ብለህ ደስ ይልሃል ከወር በኋላ ቤትህ ውስጥ ይግላል።

እዚህ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ለተለመደው ሊቲየም አዮን ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ባትሪ ከሆነ ሌላ ነው፣ ሲሞላ 3.65 ነው፣ መሀሉን በሙሉ 3.2 እና 3.3 አካባቢ ተኝቶ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ መሀል ላይ ለክቶ እኩል ነው ማለት ባዶ ነገር ነው፣ ጫፍ ላይ ካልሆነ ልዩነቱ አይታይም።

የልጁን ባትሪ ኒኬሉን ቀየርኩት። ተቆርጣ የቆየችውን ሴል ዝም ብዬ አልበየድኳትም፣ መጀመሪያ ቮልቷን ከሦስቱ ጋር አስተካከልኩ፣ አለዚያ በአንዴ ትልቅ ከረንት ነው የሚፈሰው። ውሃ የገባበትን ጥግ በሲሊኮን ዘጋሁት። ሐሙስ ዳቦውን ጭኖ ጅሬን ወጥቶ ተመልሶ መጣ፣ ሳይጠፋ፣ ሊያልቅ ሲል ቁጭ ብለን 13ቱንም አንድ በአንድ ለካናቸው፣ ዝቅተኛው 3.38፣ ከፍተኛው 3.41፣ 7ኛው 3.40።