የጎጃም በሬና የአህጉሩ ሒሳብ፦ ስለ ሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አፍሪካ የምትለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ እንዴት ይቆጠራል? እንዴትስ ይቀነሳል? ከደጀን እስከ እንጅባራ ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ተደጋግመው የሚሰሙ መልሶች አሉ። ብዙዎቹ እውነት የሚመስሉ፣ ግን ገበሬያችንን የሚጎዱ ናቸው። ዓመታቱን የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ጋዝ የሚለቀው ፋብሪካና መኪና ነው፤ ገበሬ ምን አገባው?»

በበለጸጉት አገሮች ቢሆን ያስኬዳል። የኢትዮጵያ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን የ2010 ልቀት፣ ሁሉም ጋዝ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝሮ፣ 150 ሚሊዮን ቶን አድርጎ አስቀምጦታል፤ ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላዩ የእርሻና የደን ነው። ትራንስፖርትም ኢንዱስትሪም እያንዳንዳቸው 3 በመቶ አካባቢ ነበሩ።

ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ከብቶች ናቸው። ሣርና ገለባ በሆዳቸው ሲብላላ ሜቴን የተባለው ሙቀት አማቂ ጋዝ ይፈጠራል፤ አብዛኛውም በግሳት ይወጣል። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓናል የ2006 የልቀት አቆጣጠር መመሪያ ከወተት ላም ውጭ ላለ የአፍሪካ ከብት በዓመት 31 ኪሎ ሜቴን ይመድባል። ሜቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ስለዚህ አንድ ጥማድ በሬ በዓመት 1.7 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደለቀቀ ተደርጎ ይጻፍበታል፤ ወደ 650 ሊትር ናፍጣ እንደማቃጠል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ይዞ ገበሬውን መውቀስ ግን ግፍ ነው። ሜቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ሲሆን ከናፍጣ የወጣው ካርቦን ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ቁጥሩ ያልጨመረ መንጋና በየዓመቱ የሚቃጠል ነዳጅ እኩል ሊታዩ አይገባም። ደግሞም ያ በሬ ለቅንጦት አልተያዘም፤ ያርሳል፣ ያበራያል።

«ልቀቱ የሚለካው በሳተላይት ነው»

በ2017 የመጠቀችው የአውሮፓ ሳተላይት ሴንቲኔል 5ፒ ሜቴንን ታያለች፤ ከነዳጅ ማውጫ የሚያመልጥ ትልቅ ጋዝም ትይዛለች። በየመንደሩ የተበተነን ከብት ግን ለይታ አትቆጥርም፤ የክረምት ደመናም ይጋርዳታል። መሬት ላይ ያሉት ጣቢያዎች ደግሞ ለአህጉሩ ስፋት እጅግ ጥቂት ናቸው። ስማቸው በብዛት የሚነሳው ኬፕ ፖይንት በደቡብ አፍሪካ፣ አሰክረም በአልጄሪያና የኬንያ ተራራ ነው።

አገሮች የሚያቀርቡት ሪፖርት በአብዛኛው የሚሠራው በማባዛት ነው፤ የከብቱ ብዛት እንደ 31 ኪሎ ባለ ቁጥር ይባዛል። ያ 31 ደግሞ ለሰፊ አካባቢ የወጣ አማካይ ነው። በጋውን ጭድ ብቻ በልቶ የሚከሳውን፣ በሰኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያርሰውን የጎጃም በሬ ማንም ለይቶ አላየበትም። የራሳችን ቁጥር እንዲኖረን የከብቱ ክብደት፣ የሚበላው መኖና የላሟ ወተት መመዝገብ አለበት። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ግብር ይጨመርብኛል ብሎ የከብቱን ቁጥር የሚያሳንስ ገበሬ ፍርሃቱ ይገባኛል፤ መዝጋቢው ቁጥሩ ለምን እንደሚፈለግ አስረድቶ መጠየቅ ይኖርበታል።

«የአፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ነው፤ መቁጠሩ ትርፉ ድካም ነው»

ቁጥሩ ከነዳጅና ከኢንዱስትሪ ለሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እውነት ነው። የደን ምንጣሮንና ከብትን ግን አይጨምርም። ለሙቀቱ ዋና ተጠያቂዎቹ ሌሎች መሆናቸውም አያከራክርም። የምንቆጥረው ግን ለእነሱ ብለን አይደለም። ኢትዮጵያ በ2021 ባቀረበችው ዕቅድ በ2030 ልቀቷ ሊደርስበት ይችል ከነበረው በ68.8 በመቶ እንዲያንስ አቅዳለች። ከ68.8ቱ በራሷ አቅም የምትችለው 14ቱን ነው፤ ቀሪው በውጭ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ድጋፉን ለመጠየቅ ማስረጃ ያስፈልጋል። በወላይታ ሁምቦ ወረዳ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብት ንክኪ ተጠብቆ ከጉቶው ዳግም ሲያቆጠቁጥ የአካባቢው የደን ማኅበራት ዛፎቹ ለያዙት ካርቦን ክፍያ ያገኙት ዕድገቱ ስለተለካ ነው።

«ችግኝ ከተከልን በቂ ነው»

የችግኝ ቁጥር የካርቦን ቁጥር አይሆንም። ስንቱ ጸደቀ? ግንዱ ምን ያህል ወፈረ? መቼስ ይቆረጣል? የአዊ ዞኗን ፋግታ ለኮማ ወረዳን እንይ። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ሰብል እንቢ ባለበት መሬት ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተከለ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ያከስለዋል፣ እንደገናም ይተክላል። «ከሰል ሁሉ የደን ጠላት ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም፤ ከተፈጥሮ ደን የሚወጣ ከሰልና ይህ የተለያዩ ናቸው። ሆኖም ዛፉ የያዘው ካርቦን ሲከስል ተመልሶ ይወጣል፤ በአፈር ተሸፍኖ ሲከስልም ሜቴን ያመልጣል፣ ከእንጨቱም አብዛኛው ይባክናል። ኪሳራው የሚቀንሰው በተሻሻለ ምድጃ ሲከስል ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከልም አደጋ አለው፤ በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ ጎድቷል። የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ግን ለረጅም ዘመን ያከማቹትን ይዘው ቆመዋል፤ እነሱን መጠበቅ ከአዲስ ተከላ በፊት ይቀድማል።

«ቅነሳ ማለት ከብት መቀነስ ነው»

የተሻለ መኖ ያገኘች ላም በያንዳንዱ ሊትር ወተት የምትለቀው ሜቴን ያንሳል። በሦስት ጉልቻ ፋንታ ምርጥ ምድጃ ላይ እንጀራ ሲጋገር ማገዶው እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ የተረፈው ኩበት ወደ ማሳ ይመለሳል። ዩሪያን ከፋፍሎ ሰብሉ በሚፈልገው ጊዜ መጨመርም ገንዘብ ያድናል፤ ካልሆነ ከናይትሮጅኑ ጥቂቱ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ወደሚያሞቅ ጋዝ፣ ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ይለወጣል።

«ኖራ ጋዝ ስለሚለቅ ይቅር»

አንድ ቶን ኖራ አሲዳማ አፈር ላይ ሲበተን እስከ 440 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊለቅ እንደሚችል በ2006ቱ የልቀት አቆጣጠር መመሪያ አለ። በሪፖርቱ ውስጥ መጻፍ አለበት። ሆኖም ያለ ኖራ ማዳበሪያው በአሲዳማው አፈር ብዙ አይሠራም፤ ምርቱ ሲያንስ ገበሬው አዲስ መሬት ይመነጥራል፣ የምንጣሮው ልቀት ደግሞ ከኖራው ይበልጣል። ኖራውን ከመከልከል ይልቅ አፈሩን አስመርምሮ በልኩ መበተን ይሻላል።