«ስልኬ ተጠልፏል» ከማለታችሁ በፊት ቻርጀሩን ንቀሉት

ስልክ መጠገን ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት አባባል ሰልችታኛለች፦ «ስልኬ ተጠልፏል፣ በራሱ ይነካካል።»

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መጡ። ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘውታል። «ልጄ፣ ሰው ገብቶበታል። አንዱን ስነካ ሌላውን ይከፍታል። የቤይሩቷ ልጄ ስትደውል ላነሳ ስነካው ይዘጋባታል» አሉኝ። «እማማ፣ ሁልጊዜ ነው ወይስ ቻርጅ ላይ ሲሆን?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ማታ ስሰካው ነው የሚብስበት» አሉ።

የራሴን ቻርጀር ሰካሁላቸው። ስልኩ ደህና ሆነ። እሳቸው መንገድ ላይ የገዙትን መልሼ ሰካሁት። ኪቦርዱ ላይ አንድ ፊደል ስነካ ሌሎች ሁለት ሦስት ፊደሎች አብረው ተጻፉ። በቃ፣ ችግሩ የቻርጀሩ ነበር።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከእኔ በፊት አንድ ሱቅ ሄደው ነበር። «ቫይረስ ነው» ተብለው ስልኩ ፎርማት ተደርጓል። የልጅ ልጃቸው የክርስትና ፎቶ በሙሉ ጠፋ። ብሩንም ከፍለዋል። ችግሩ ግን እዚያው ነው ያለው።

ስክሪን እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሸማ አስቡ። ድር አለው፣ ማግ አለው። ከስልካችሁ መስታወት ሥርም ቁልቁልና አግድም የተዘረጉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። በዓይን አይታዩም። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክም የሚያስተላልፍ ነገር ነው። ድሩ በየተራ ምልክት ይልካል፣ ማጉ ያዳምጣል። ሁለቱ በተላለፉበት በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይያዛል። ጣታችሁ ሲጠጋ ከዚያ ላይ ይቀንሳል። የነጥቡ ቻርጅ የመያዝ አቅም የሚቀንሰው ከአንድ ፒኮፋራድ በታች ነው። ፋራድ ይህ አቅም የሚለካበት ነው፤ ፒኮፋራድ ደግሞ የፋራድ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ንክኪውን የሚያነበው ቺፕ ይህችን ታህል ለውጥ ለመያዝ መላውን ስክሪን በሰከንድ 60 ወይም 120 ጊዜ ያስሳል፤ ከዚያም በላይ የሚያስስ አለ።

ብዙ ጣት የሚለየውም በዚሁ ነው። እያንዳንዱ መገናኛ ለብቻው ይለካል። ሁለት ቦታ ከቀነሰ ሁለት ጣት ነው፣ አምስት ቦታ ከቀነሰ አምስት። መገናኛውን ትቶ መስመሩን ብቻ የሚለካ ሌላ ዘዴም አለ። እሱ ሁለት ጣት ላይ ይምታታል። «ሁለት ድር፣ ሁለት ማግ ተነክቷል» ይላል፤ እነዚህ ግን አራት ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱ የሌሉ ጣቶች ናቸው።

በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ጣታችንን እንዴት ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ስህተት ያገኘዋል? አንድ ጣት አጠገብ ላጠገብ ያሉ ብዙ መገናኛዎችን ይነካል። መሀለኛው ብዙ ይቀንሳል፣ ዳርዳሮቹ ትንሽ ትንሽ። ቺፑ የሁሉንም ድርሻ አመዛዝኖ መሀሉን ያሰላል። ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሁን መጥፎውን ቻርጀር ስካው። ውስጡ ያለው ማጣሪያ ደካማ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ ስልኩ ያስገባል። ስክሪኑን ስትነኩት ረብሻው በጣታችሁ በኩል ወደሚያዳምጠው መስመር ይገባል። ያ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታወካል። ቺፑም እዚያው መስመር ላይ ሌሎች ጣቶች ያሉ ይመስለዋል። ለዚህ ነው የውሸት ንክኪዎቹ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ጣት ጋር በአንድ መስመር ተደርድረው የሚታዩት።

ይሄን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ግቡና «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኩ። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ፖይንተር ሎኬሽን» የሚለውን አብሩ። ከላይ በኩል ጣት የሚቆጥር ቁጥር ይመጣል፣ ጣታችሁ በሄደበትም መስመር ይሰመራል። በአንድ ጣት እየነካችሁ ቁጥሩ ሦስት አራት ካለ ቻርጀሩን ንቀሉ። ከተስተካከለ ቻርጀር ቀይሩ፣ አለቀ። ካልተስተካከለ ስክሪኑን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ውኃም መስመሮቹን ያሳስታል። አሁንም ካልሆነ የተሰነጠቀ ወይም ጥራት የሌለው ስክሪን፣ አለዚያም ያበጠና ከኋላ የሚገፋ ባትሪ ሊሆን ይችላል። ባትሪ ካበጠ ስልኩን አትጠቀሙበት፣ ቶሎ አስቀይሩ።

ስልክ አይጠለፍም እያልኩ አይደለም። ፈቃድ አስፈቅዶ ስልክን ከሩቅ የሚቆጣጠር መጥፎ አፕ አለ። እሱ ግን ቻርጀር ሲነቀል አይቆምም። ፎርማትም የመጨረሻ አማራጭ ነው። ከዚያ በፊት ፎቷችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። እባካችሁ።

ስለ ስክሪን የምሰማቸው ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎችም አሉ። «ጠንከር አድርገህ ካልተጫንከው አይሰማም።» ይሄ ከድሮ ስልክ የቀረ ልማድ ነው። እነ ኖኪያ 5800 ሁለት ስስ ንጣፍ ነበራቸው፤ ስትጫኗቸው ይነካካሉ። ሁለት ጣት ብታሳርፉባቸው በመሀል ያለ አንድ ነጥብ ይይዙ ነበር። የዛሬው ስክሪን ግፊት አይለካም። ስትጫኑት የሚሻለው ጣታችሁ ጠፍጠፍ ብሎ ብዙ ቦታ ስለሚሸፍን ነው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው አይፎን 6ኤስ ለግፊት ብቻ ተጨማሪ መለኪያ ነበረው፤ በ2019 በአይፎን 11 ቀርቷል። በመጫን ብዛት ስክሪን ሰንጥቀው የመጡ ደንበኞች አሉኝ።

«ስክሪኑ የሚሰማው የጣት ሙቀት ነው።» አይደለም። ከፍሪጅ የወጣ ካሮት ቆርጣችሁ በእርጥቡ በኩል ስክሪኑን ንኩት፣ ይሠራል። የሞቀ ደረቅ እንጨት አይሠራም።

«አውራ ጣትን ከሌባ ጣት ይለያል።» አይለይም። ላረፈው ንክኪ ሁሉ ቁጥር ይሰጣል። በሚቀጥለው ልኬት ለቀድሞው ቦታ የቀረበው ያንኑ ቁጥር ይይዛል። ጣት አንስታችሁ ብትመልሱ እንደ አዲስ ይቆጥረዋል። የጣት አሻራ የሚያነበው ሌላ መሣሪያ ነው።

«በብዙ ጣት መንካትን አፕል ነው የፈጠረው።» አይፎን በፈረንጆቹ 2007 በሰፊው አስለመደው እንጂ አልፈጠረውም። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1982 ከጀርባው ካሜራ ያለው፣ ብዙ ጣት የሚያይ ሰሌዳ ተሠርቶ ነበር። አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ ዌይን ዌስተርማንና ጆን ኢላያስ ፊንገርወርክስ የሚባል ድርጅት መሥርተው በብዙ ጣት የሚሠሩ ኪቦርዶች ይሸጡ ነበር። አፕል ድርጅቱን በ2005 ገዛው።

«መስታወቱ ከተሰነጠቀ ታቹም (ንክኪ የሚለየው ክፍልም) ሞቷል።» ሁልጊዜ አይደለም። መስመሮቹ ካልተቆረጡ ይሠራል።

ስክሪን ስታስቀይሩ ደግሞ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ፖይንተር ሎኬሽንን አብሩ። አሥሩንም ጣት አሳርፉና ስንት እንደሚቆጥር እዩ። ርካሽ ስልክ ሁለት ወይም አምስት ላይ ሊቆም ይችላል፤ ከመቀየሩ በፊት ስንት ይቆጥር እንደነበር ካያችሁ ታመሳክራላችሁ። ከዚያ በአንድ ጣት ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ ቀስ ብላችሁ አስምሩ። መስመሩ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚቆረጥ ከሆነ ከድሩ ወይም ከማጉ አንዱ አይሠራም። ስክሪኑን አትቀበሉ።