የቤት ወርክሾፕ መብራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግቢያችን ውስጥ ያለችው የመኪና ማደሪያ ወርክሾፕ ከሆነች ቆይታለች። መኪናው ውጭ ያድራል። ውስጡን መጋዝ፣ መላጊያ፣ ድሪልና የዋንዛ ጣውላ ይዞታል። ቅዳሜ ከሰዓት ወዳጅ አይጠፋም፤ አብዛኛው የራሱን ወርክሾፕ የጀመረ ወይም ሊጀምር ያሰበ ነው። ስለ ማሽን ስናወራ ይመሻል። ስለ መብራት ግን «አንድ አምፖል ሰቅዬበታለሁ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ሥራ የሚበላሸውም ጣት የሚጎዳውም በደንብ ሳናይ ስንቀር ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«መሀል ላይ አንድ ጠንካራ አምፖል ካለ ይበቃል»

ብዙ ሰው የሚለው ይህንን ነው። ብዙ የሚጎዳውም ይኸው ነው። የሥራ ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል። አምፖሉ ደግሞ መሀል ኮርኒሱ ላይ ነው። ጠረጴዛው ጋ ስትቆሙ መብራቱ ከጀርባችሁ ይሆናል። ጎንበስ ስትሉ የራሳችሁ ጥላ መጋዙ የሚሄድበት መስመር ላይ ያርፋል።

የመጀመሪያውን መደርደሪያ ስሠራ የደረሰብኝ ይህ ነው። በእርሳስ ያሰመርኩት መስመር ጥላው ውስጥ ጠፋብኝና ሁለት ሚሊ ሜትር አልፌ ቆረጥኩ። መፍትሔ መስሎኝ አምፖሉን በትልቅ ቀየርኩት። ጥላው ጭራሽ ጠቆረ። ብርሃኑ ከአንድ ነጥብ እስከመጣ ድረስ ጉልበት ቢጨመርበትም ጥላው አይለቅም።

የሚያዋጣው ረጅሙ፣ 120 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የኤልኢዲ መብራት ነው። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ስለሚመጣ አንዱን ጫፍ ጭንቅላታችሁ ቢጋርደው ሌላው ጫፍ ይደርሳል። የሚሰቀልበት ቦታ ደግሞ ወሳኝ ነው። ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ሆኖ፣ እናንተ ከምትቆሙበት ጠርዝ በላይ ወይም ትንሽ ወደ ግድግዳው ገባ ብሎ ይሁን። ከጀርባችሁ ግን አይሁን። ክፍሉ ሰፋ ካለ ሁለት ረድፍ አድርጉት።

ለመፈተሽ እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። አንድ ጥቁር፣ ጠርዙ የለየለት ጥላ ካያችሁ መብራቱ ገና ነው። ሁለት ሦስት ፈዛዛ ጥላዎች ካያችሁ ጥሩ ላይ ናችሁ። ድሪሉና ግራይንደሩ አጠገብ ደግሞ አንገቱ የሚታጠፍ ትንሽ መብራት ብትጨምሩ አትቆጩም።

«ዋቱ ከፍ ያለው ይበልጥ ያበራል»

ዋት የሚነግራችሁ አምፖሉ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ነው። የብርሃኑ መጠን የሚለካው በሉመን ነው። የድሮው 100 ዋት አምፖል ከ1,300 እስከ 1,600 ሉመን ይሰጥ ነበር። አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ዛሬ 15 ዋት ገደማ የሆነ ደህና ኤልኢዲ ያንኑ ያህል ያበራል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «100 ዋት ይተካል» የሚለውን ተዉትና የሉመን ቁጥሩን ፈልጉ። ቁጥሩ ካልተጻፈ እኔ አልገዛም።

ስንት ያስፈልጋል? በማሽን እንጨት ለሚሠራበት ቦታ የአውሮፓ መስፈርት 500 ሉክስ ይላል። ይህም በካሬ ሜትር 500 ሉመን ማለት ነው። 3 በ6 የሆነ ክፍል 18 ካሬ ነው። በ500 ስናባዛው 9,000 ሉመን ይመጣል። ከዚያ ላይ አቧራው፣ ግድግዳውና ከፍታው የሚበሉት አለ። ስለዚህ 12,000 ገደማ ያዙ። ባለ 3,000 ሉመን አራት ረጃጅም መብራቶች፣ በየረድፉ ሁለት ሁለት ማለት ነው። ዕድሜያችሁ ከሃምሳ ካለፈ ከዚህም ከፍ አድርጉት፤ ዓይን ዕድሜው ሲገፋ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል።

«በጣም ነጭ የሆነው ጥሩ ያሳያል»

የኬልቪን ቁጥር የብርሃኑን ቀለም እንጂ ብዛቱን አይናገርም። 3000 ቢጫ ነው፣ 6500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ለወርክሾፕ ከ4000 እስከ 5000 ያለው ይስማማኛል። ከኬልቪኑ ይልቅ ግን ሲአርአይ የሚባለውን ቁጥር እዩ፤ የነገሮችን ቀለም እንዳለ የማሳየት ችሎታ ነው፣ ከፍተኛው 100 ነው። ከ80 በታች አትግዙ። ቫርኒሽና ቀለም የምትቀቡ ከሆነ 90 ፈልጉ። በደካማ መብራት ማታ አንድ ዓይነት የመሰሉ ሁለት የዋንዛ ጣውላዎች ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲወጡ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

«ፍሎረሰንት ሁሉ አንድ ነው፤ ካበራ አበራ»

ይህን የሚለኝን ሰው አስቀምጬ ነው የማስረዳው፤ ጉዳት ያለበት ነገር ነውና። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ከባድ የብረት ባላስት (ወደ መብራቱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዕቃ) ያለው የድሮ ፍሎረሰንት በየምልልሱ ሁለት ጊዜ፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አይለየውም። የሚሽከረከር ነገር ላይ ሲያርፍ ግን ጉዱ ይወጣል። በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር የሚሄድ ሞተር በሴኮንድ 25 ዙር ይዞራል። በአንዱና በሚቀጥለው ድምቀት መሀል ሩብ ዙር ይሄዳል ማለት ነው። 24 ጥርስ ያለው የመጋዝ ዲስክ ሩብ ዙር ሲሄድ አንዱ ጥርስ የሌላውን ቦታ ይዞ ይገኛል። ለሚያየው ሰው ዲስኩ የቆመ ወይም ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። ጆሮ መከላከያ ካደረጋችሁ ድምፁም አይነግራችሁም። እጅ የሚዘረጋው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ባላስት ያለው ይህ ችግር የለበትም ማለት ይቻላል። ኤልኢዲ ሁሉ ደህና ነው እንዳትሉ ደግሞ፤ ርካሹ እንደዚያው ይርገበገባል። ሱቅ ውስጥ አስበሩትና በስልካችሁ ስሎው ሞሽን ቅረጹት። ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ጥቁር መስመሮች ከተመላለሱበት፣ አመስግናችሁ መልሱት።

«ሰጋቱራ መብራትን ምን ያደርገዋል?»

ይሸፍነዋል፤ ውስጡ ገብቶም ሙቀት ያፍንበታል። ሽፋን ያለው፣ አይፒ65 የሚል የተጻፈበት ግዙ። 6ቱ አቧራ አያስገባም ማለት ነው። ተራ የኤልኢዲ አምፖል ገዝቶ ድፍን ሽፋን ውስጥ መክተት ግን አያዋጣም፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ቶሎ ይሞታል። እጅግ የሚግለውን የድሮ ሃሎጅን ደቃቅ የእንጨት ብናኝ ካለበት ቤት አውጡት፤ እሳት ያስነሳል።

ግድግዳውንም ነጭ ቀቡት። ኖራም ይሆናል። የጠቆረ ቆርቆሮ የከፈላችሁበትን ብርሃን ይውጠዋል።

«መብራት ከሄደ ሥራው ይቆማል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ሥራው ይቆማል፣ ዲስኩ ግን ወዲያው አይቆምም። ድንገት ጨለማ ውስጥ፣ እጃችሁ ጣውላው ላይ እንዳለ፣ ፊት ለፊታችሁ እየዞረ ይቆያል። ማሽኑ ብሬከር ሲጥልም ያው ነው፣ መብራቱ ከማሽኑ ጋር በአንድ መስመር ከተሠራ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስትጠሩ የመብራቱ መስመርና ብሬከር ከማሽኖቹ የተለየ እንዲሆን ንገሩት። መብራት ሲሄድ በራሱ የሚበራ ባለ ባትሪ መብራት ደግሞ ከመጋዙ ትይዩ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። የእኔ እዚያ ነው ያለው። መብራት በሄደ ቁጥር እጄን አነሳለሁ፣ ዲስኩ ፈጽሞ እስኪቆም በዚያች ብርሃን አየዋለሁ፣ ከዚያ ማብሪያውን አጠፋለሁ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ማንም ሳይነካው እንዳይነሳ።